ቁጥሩ ሁለት ነበር

ውድ ጋሼ፣

ይህን የሚጽፍልዎት ማን እንደሆነ ከእጅ ጽሑፉ ሳያውቁ አይቀሩም። "የዶሮ ጭረት" እያሉ ይስቁበት የነበረው ጽሑፍ ዛሬም አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ብሶበታል። ሰላምታ አስቀድሜ፣ ጤንነትዎን ጠይቄ፣ ስለ ልጅዎና ስለ ልጅ ልጆችዎ አንድ ሁለት ነገር ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ፈርቻለሁ። ሰላምታውን ካስረዘምኩት ዋናውን ሳልነካ ወረቀቱ ያልቅብኛል፤ ራሴን አውቃታለሁ።

ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ልበለው። የዛሬ ሁለት ዓመት የጋዙ ደወል አሥራ ሰባት ደቂቃ የዘገየው በእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ በእኔ ነው። እህቴ ሳንባዋን የተጎዳችው እኔ በቀየርኩት አንድ መስመር ነው። እርስዎም ከሥራ የተባረሩት በዚያው መስመር ነው። እህቴ ይህን አታውቅም። አብረን ነው የምንኖረው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንተኛው። "ያ ሰውዬ" እያለች እርስዎን ስታማርር ሳህን እያጠብኩ እሰማለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ "ተይ" አላልኳትም።

የሚያውቁትን ነገር መልሼ ብነግርዎት አይቆጡኝ። ከመጀመሪያው በተራ ካልደረደርኩት ወደ ማምለጫው እሮጣለሁ፤ "ጥድፊያ" ብለው ስም ያወጡልኝ በከንቱ አልነበረም።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ እጄን ይዛ ወደ እርስዎ ያመጣችኝን ዕለት ያስታውሳሉ? እሷ ታች ዓሣ በሚታሸግበት ማቀዝቀዣ ክፍል ትሠራ ነበር፣ እርስዎ ደግሞ ላይ፣ መጭመቂያዎቹ በሚያንቀጠቅጡት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከዚያ ግራጫ ማሽን ጋር ነበሩ። "ጋሼ፣ ይቺ እህቴ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ ትላለች፤ እስቲ እውነቷን ከሆነ ይዩልኝ" አለችዎት። መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰቅለው አዩኝና "ካልተማረችም እናስተምራታለን፤ ወንበሩ ግን አንድ እግሩ ይወዛወዛል፣ ተጠንቅቀሽ ተቀመጪ" አሉ። ተቀመጥኩ። አራት ዓመት ከዚያ ወንበር አልተነሣሁም።

ማሽኑ ሥራው ብዙ አልነበረም፤ የሰው ነፍስ ግን እሱ ላይ ነበር። ዓሣው የሚቀዘቅዘው በአሞኒያ ነው፤ አሞኒያው በየቧንቧው ይዞራል፤ በየክፍሉ ጥግ ጋዝ የሚያሸት ጠቋሚ ተተክሏል። ጠቋሚዎቹ የሚሉትን ማሽኑ አንድ መዝገብ ውስጥ ያስገባል። እርስዎ የጻፉት የደወል ፕሮግራም መዝገቡን በየሰከንዱ ያያል፤ ቁጥሩ ካለፈ ደወሉን ያስጮሃል፣ ማራገቢያውን ያስነሣል። ሌላው ጠራጊው ነበር፤ ያረጀውን ንባብ ከመዝገቡ እያወጣ ወደ ማከማቻ የሚከተው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ለራሱ የሚሠራው። ሦስተኛው የሥራ አስኪያጁ የወር ሪፖርት ነው፤ ሲነሣ ማሽኑን ግማሽ ሰዓት ያህል ወጥሮ የሚይዘው።

ለሦስቱም ያለው አንድ አንጎል ነበር። "አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ አንድ ወንበር አስቢ" አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። "ከርነሉ ማለት ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ የሚወስነው የማሽኑ ዋና ፕሮግራም ነው። አንዱን ትንሽ ይላጨዋል፣ ያስነሣዋል፣ ሌላውን ያስቀምጣል፣ እንደገና የፊተኛውን ይጠራል። ሁሉም ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ይዞራል፤ ፍጥነቱ ግን ስለሚያታልል ማንም አይታዘበውም።"

እኔ ሳቅኩ። ከዚያ ማሽኑ ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚናገረውን፣ ግድግዳው ማሳያ ላይ ያለውን የጭነት ቁጥር አሳዩኝ። ከርነሉ በየአምስት ሰከንዱ ቀና ይልና ወንበሩ ላይ ያለውንና ተራ የሚጠብቀውን ይቆጥራል አሉኝ፤ ከዚያ የአንድ፣ የአምስትና የአሥራ አምስት ደቂቃ አማካዩን ይጽፋል።

"የተኛውስ?" ብዬ ጠየቅኩዎት።

"የተኛ አይቆጠርም። ዲስኩን የሚጠብቅ ይቆጠራል። ከሌላ ፕሮግራም ቁልፍ የሚጠብቅ ግን ተኝቷል ነው የሚባለው። ቤቱ ጋደም ብሎ 'ተራዬ ሲደርስ ቀስቅሱኝ' ያለ ሰው ወረፋው ላይ የለማ!"

ይህን የነገሩኝ በራስዎ አፍ ነው። ሰምቼዋለሁ፣ ደብተሬ ላይም ጽፌዋለሁ። አልሰማሁም ብል በተሻለኝ ነበር።

ሌላም ነገር አስተምረውኝ ነበር። ማሽኑ ጎን በገመድ የታሰረች ደብተር ነበረች። ማሽኑ ላይ አንዲት ነጥብ የነካ ሰው ቀኑን፣ የነካውንና ምክንያቱን እዚያ ላይ ይጽፋል። ሥራ አስኪያጁ "ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ ሙዚየም ይግባ" ሲል እርስዎ ገመዱን ጠበቅ ያደርጉ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ለዐይንዎ ሕክምና ሁለት ቀን ከሥራ የቀሩ ጊዜ ነው። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ "ሪፖርቴ ምን ነካው? ካለፈው ወር ዘገየ እኮ! አንቺ ወጣት ነሽ፣ አንድ ነገር አድርጊ እንጂ" አለኝ። አየሁት፤ ሪፖርቱ በሚሠራበት ሰዓት ጠራጊው እየተነሣ ወንበሩን ይጋፋዋል። አንድ መስመር ጨመርኩ። ጠራጊውን ከሁሉም በታች በሆነው ማዕረግ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር ብቻ ሥራ በሚባልበት ተርታ አስቀመጥኩት። ሪፖርቱ ከቀድሞው ቀድሞ ወጣ። "ይኼ ነው ሥራ!" አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደስታ ሲያሰክር እንዲህ ነው፤ ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየዘፈንኩ ነበር።

ደብተሯ ላይ አልጻፍኩትም። እርስዎ ሲመለሱ በራሴ አፍ ልነግርዎት ነበር፣ ላስደንቅዎት። ተመለሱ፤ አንድ ዐይንዎ በፋሻ ተሸፍኖ ስለነበር በዚያ ቀኑን ሙሉ እየሳቅን ዋልን፣ ረሳሁት። በማግሥቱ ትዝ ሲለኝ "ለምን አልጻፍሽም?" እንዳይሉኝ ፈራሁ። ደግሞስ የጀርባ ሥራ ነው፣ ማንን ይጎዳል አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህች ከማትረባ ፍርሃት የመጣ ነው ጋሼ።

ያላሰብኩት ምን መሰለዎት? ጠራጊው መዝገቡን በሚጠርግበት ጊዜ ሌላ እንዳይገባ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። በፊት ሦስት ሰከንድ፣ ቢበዛ ስድስት ነበር የሚፈጅበት፤ ደወሉ ያችን ታህል ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። እኔ ያወረድኩበት ማዕረግ ግን ሪፖርቱ ወንበሩ ላይ ካለ ከሺህ እጅ ሦስት እጅ ብቻ ነው የሚደርሰው። የሦስት ሰከንድ ሥራ በዚህ ሲሰላ አሥራ ሰባት ደቂቃ ይሆናል። ጠራጊው ቁልፉን ኪሱ አድርጎ ወረፋ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ደወሉ ቁልፉን እየጠበቀ ተኛ።

የሚቀጥለው ወር መጨረሻ ደረሰ፤ መስመሩን ከጨመርኩ አንድ ወር ሆኖታል። ሪፖርቱ ተነሣ። እትዬ ሣጥን ልትቆጥር ከበስተኋላ ያለው መጋዘን ብቻዋን ገባች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ፤ ከጣራው ሥር ካለች አንዲት የቧንቧ መክፈቻ አሞኒያ ማፈትለክ ጀመረ። የበሩን እጀታ በረዶ ይዞት አልታጠፍ አላት። ደወሉ ቢጮህ ኖሮ ማራገቢያው ይነሣል፣ ሰው ይሮጣል፣ የጎደለ ይፈለጋል። አልጮኸም። ጋዙ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ወለል ላይ መተኛት እንደሚያድን ለሠራተኛው ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ሻርፗን አፏ ላይ ጠቅልላ፣ አፍንጫዋን በሩ ሥር ካለው ክፍተት ላይ ለጥፋ ተኛች። አሥራ ሰባት ደቂቃ፤ ጠራጊው ጨርሶ ደወሉ እስኪጮህና ሰው መጥቶ እስኪያወጣት።

እኔ ያኔ ላይ ሆኜ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ሁለት ይላል። በወር መጨረሻ ምንጊዜም ሁለት ነው፤ ሪፖርቱ አንድ፣ ጠራጊው አንድ። ደወሉ ተኝቷልና አልተቆጠረም።

መርማሪዎቹ ሲመጡ የመጀመሪያ ያዩት ያንን ቁጥር ነው። "ማሽኑ አልተጨናነቀም። የተኛው ፕሮግራሙ ነው። ማን ነው የጻፈው?" አሉ። "እኔ ነኝ" አሉ እርስዎ፣ ኮፍያዎን አውልቀው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ይዘውኝ በለሰለሰ ድምፅ "አንቺ ልጅ፣ እኔ በሌለሁበት የነካሽው ነገር አለ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ምንም" አልኩ።

ሆስፒታል እህቴ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተሰክቶ ተኝታለች፣ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ "ምንም"። በማግሥቱ ወረቀት አመጡልኝ፤ "በማሽኑ ላይ ምንም ለውጥ አልተደረገም" ይላል። ፈረምኩ። የዶሮ ጭረት።

ያኔ አውቅ ነበር ወይ? እውነቱን ልንገርዎት። አላውቅም ነበር፤ ግን ሆዴ ጠርጥሮ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ብፈትሽ አገኘው ነበር። እንዳላገኘው ብዬ ነበር ያልፈተሽኩት። መስመሩን ልሰርዘው ደግሞ አስቤ ነበር፤ እጄን ፊደሎቹ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፋይሉን ከነካሁት ቀኑ ይቀየራል። አደጋው በደረሰ ሳምንት የተነካ ፋይል ሆኖ ይታያል። ካልነካሁት ግን ከአደጋው በፊት የተነካ ብዙ ፋይል መሃል ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ ተውኩት። ቀኗ እንዳትቀየር ብዬ ያን መስመር ሁለት ዓመት እንደነበረ ተውኩት፣ አርባ ሰው ከሥሩ እየሠራ፣ እህቴም አንዷ ሆና።

ከተባረሩ በኋላ የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። በጥበቃው በኩል ነው የደረሰኝ። "ፕሮግራሜን አሥር ጊዜ አነበብኩት፣ ጥፋቱን አላገኘሁትም። ያንቺ ዐይን ከእኔ ይሻላል፤ እስቲ ፈልጊልኝ። እህትሽን ይቅር በይኝ በይልኝ" ይላል። አልመለስኩልዎትም። ለእትዬም አላልኩላትም።

አሁን ዛሬ የሆነውን ልንገርዎት።

የደኅንነት ኃላፊዋን "ፉጨት" የምንላትን አልረሷትም፤ ኮሪደሩን ይዛ ስትመጣ ከሩቅ የምትሰማዋን። ደወሉን የምትሞክረው ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሪፖርቱ የሚሠራው ደግሞ በመጨረሻው። ሁለት ዓመት ተገናኝተው አያውቁም። በዚህ ወር ታማ ስለቀረች ሙከራዋ እየተገፋ ዛሬ ላይ ወደቀ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በሬዲዮ ጠራችኝ።

"አንቺ፣ መሞከሪያውን ጋዝ ጠቋሚው አፍንጫ ላይ ይዣለሁ። ደወልሽ የት አለ?"

"ቆዪ እስቲ።"

"ቆይቻለሁ እኮ! ሦስተኛ ደቂቃዬ ነው፣ ክንዴ ዝሏል። ሌላ ሰው ልጥራ?"

ግድግዳውን አየሁ። ሁለት። ጋሼ፣ ያኔም ሁለት ነበር። የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ሪፖርቱ ወንበሩ ላይ፣ ጠራጊው ተራ ላይ፣ ደወሉ ተኝቶ። ደወሉ ምን እየጠበቀ እንደተኛ ጠየቅኩት፤ ቁልፍ። ቁልፉ ማን ጋ ነው? ጠራጊው ጋ። የጠራጊውን ማዕረግ አየሁ፤ የእኔው መስመር፣ ከነቀኑ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ነገር በአራት መስመር ፊቴ ተዘርግቶ ነበር።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ምን ነበር ይሉኛል? "ማንም ሳያይ ልዝጋው" የሚል ነበር። አፍራለሁ፣ ግን እሱ ነበር። ቀጥሎ ታች ያለው ሰው ትዝ አለኝ። እትዬ ወደ መጋዘን መግባት አትችልም፤ አሁን መለያ የምትለጥፈው ከጠቋሚው አሥር እርምጃ በማይርቅ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙከራ ባይሆን ኖሮስ? ሪፖርቱን መሃል ላይ አቋረጥኩት። ዐይን ሳይጨፈን ጠራጊው ጨርሶ ቁልፉን ለቀቀ፣ ደወሉም አምባረቀ። ፉጨት በሬዲዮው "አረ ጆሮዬ! አሁን ይጮሃል እንዴ?" ብላ ጮኸች።

በመስኮት አየሁ። አርባው ሰው ወደ ግቢው ተንጋግቶ ወጣ። ሙከራ መሆኑን ሲያውቁ መሳቅ ጀመሩ፤ አንዱ የአንዱን ኮፍያ ቀማ። እህቴ መጨረሻ ወጣች። አልሳቀችም። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጎንብሳ ትተነፍስ ነበር፤ አንዷ ሠራተኛ ወንበር አመጣችላት፣ ሌላዋ ጀርባዋን ታሻለች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኔ መስኮት አየች። እጄን ላውለበልብላት ፈልጌ አልታዘዝ አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። "ሪፖርቴን ማን አቋረጠው? ደወሉስ ምን ሆኖ ነው?"

"ማሽኑ ተጨናንቆ ነው" አልኩ።

"ምን ይጨናነቃል? ቁጥሩ ይኸው ሁለት ነው ይላል!" ቁጥሩን በጣቱ ነካ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና "ያ ሰውዬ የተወልን ጣጣ ነው፤ አይደል?" አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

አዎ፣ ብሎ የሚነቀነቅ ራስ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እውነቱ ፊቴ ማሳያው ላይ ተዘርግቶ እያለ፣ እንደገና እርስዎን አሳልፌ ሰጠሁ። ማንም አላስገደደኝም። እሱ እንኳ የሚጠይቀው መልስ ፈልጎ አልነበረም፣ ወሬ ለማሳመር ነው። ሲወጣ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ፊቴን ስታጠብ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ይህን ነገር አራተኛ ጊዜ እንደምታደርገው ገባኝ፤ አምስተኛም፣ ስድስተኛም። ከመባረርም ከመታሰርም ይልቅ እሷን ፈራኋት።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፋይሉን ከነቀኑ ገልብጬ አስቀመጥኩት፣ አተምኩት፣ ከዚያ መስመሩን ሰረዝኩ። ጠራጊው ቁልፉን እንደያዘ የሚጠብቀው ካለ፣ የሚጠብቀውን ሥራ ማዕረግ ለጊዜው እንዲወርስ አደረግኩ፤ ይህን ቀድሞ ማድረግ እንደነበረብን ያውቁታል። ሪፖርቱን አስነሥቼ ፉጨትን ጋዝ አስያዝኳት፤ አምስት ጊዜ ሞከርን፣ አምስቱንም ጊዜ ወዲያው ጮኸ። "ዛሬ ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል" አለችኝ። "አሞኛል" አልኩ። ደብተሯን አወረድኩ። አቧራ ነበራት። የዛሬውን ቀን ጻፍኩና ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት የነካሁትን፣ ምክንያቱንና ስሜን ጻፍኩ።

የታተመውን ወረቀት ሁለት ቅጂ አድርጌዋለሁ። አንደኛው ከዚህ ጋር አለ። ሁለተኛውን ወደ ቤት ስመጣ ወደ መርማሪዎቹ ቢሮ ወስጄ ለጸሐፊዋ ሰጠሁ፤ ማኅተም መትታ ተቀበለችኝ። ስወጣ "ይቅርታ፣ በስሕተት ነው፣ መልሺልኝ" ብዬ ልመለስ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። አልተመለስኩም። አሁን እነሱ ጋ ነው፤ ይጠሩኛል። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ስልኬ በጠራ ቁጥር እነሱ ናቸው እላለሁ፤ ቅድም የደወለችው ጎረቤታችን ሽንኩርት ልትጠይቀኝ ነበር።

ይህን ሁሉ አድርጌያለሁ፣ አንዷን ብቻ አላደረግኩም። ለእትዬ አልነገርኳትም።

እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። ፀጉሬን የጎነጎነችልኝ፣ ትምህርት ቤት ያመላለሰችኝ፣ ትዳር ሲመጣላት "ይቺን ትቼ?" ብላ የመለሰች እሷ ናት። አንድ ቀን እንኳ "ላንቺ ብዬ" ብላኝ አታውቅም። አሁን ልብስ ስታጥብ ታርፋለች፣ ስትስቅ ታርፋለች፣ ስትናደድ እንኳ ስድቧን ግማሽ ላይ አቁማ ትተነፍሳለች። የምትናደደው በእርስዎ ነው። ጥላቻዋ እንደ ምርኩዝ ደግፏት ነው የቆመችው፤ ያንን ከእጇ ስወስድባት ምን ትይዛለች? ማንን ትጠላለች? መልሱን አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ነው የምፈራው። መርማሪ ቢያስረኝ አንድ ቀን ይፈታኛል። እሷ ፊቷን ብታዞርብኝ ግን በዚህ ዓለም የማውቀው ሌላ ፊት የለኝም።

በአፌ ልነግራት አልችልም። ሞክሬዋለሁ፤ ስትገባ "እትዬ" ብዬ ጀምሬ "ውሃ ላምጣልሽ?" ብዬ ጨርሻለሁ። አሁን ጓዳ ጋደም ብላለች፤ ደወሉ ዛሬ አድክሟታል። ስትነሣ ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው እሰጣታለሁ፤ እርስዎ ከማየትዎ በፊት እሷ ትየው። ቀድዳ ብትጥለው ሌላ እጽፍልዎታለሁ። ብታባርረኝ ከሌላ አድራሻ እጽፍልዎታለሁ። ይህን ቃሌን ይያዙት፤ እስካሁን የሰጠሁዎት ቃል ሁሉ ውሸት መሆኑን ባውቅም።

ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ገና አልደፈርኩም። ወደ ሥራዎ ቢመልሱዎትም ባይመልሱዎትም፣ ስምዎን ቢያጠሩልዎትም ባያጠሩልዎትም፣ ቢያንስ በገዛ ፕሮግራምዎ ላይ መጠራጠርዎን ይተዉ። ደህና ነበር የጻፉት። እንከን የለውም። አሥር ጊዜ አንብበው ጥፋት ያላገኙት ስለሌለ ነው።

ተነሣች። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

ያስተማሯት፣ የካደችዎት
ጥድፊያ


*

ጋሼ፣

እኔ ታላቅየዋ ነኝ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ ስላልገባኝ ስለ ወንበርና ስለ ቁልፍ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስምዎን በክፉ ሳነሣ ኖሬያለሁ፣ ሰው ፊትም ተናግሬያለሁ። የሰሙኝን ሰዎች አንድ በአንድ አግኝቼ አስተካክላለሁ። እርስዎ ይቅር ይበሉኝ።

እሷ ወጥ ቤት ቆማለች፤ ወደ እኔ ለመምጣትም ለመውጣትም ፈርታለች። እያለቀሰች ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታለቅስ ሳልነሣላት የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። አሁን ቁጭ ብያለሁ።

ደብዳቤውን ነገ እኔው ራሴ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። ስለ እሷ ግን ምን ልጻፍልዎት? ገና አላወቅኩም።